ለቤተሰብ ተነግሯል

የእኔ ሥራ ሦስት ነገር ማረጋገጥ ነው። ስሙ በመዝገቡ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን፣ የአምባሩ ቁጥር የዚያው ሰው መሆኑን፣ በቅጹ ግርጌ «ለቤተሰብ ተነግሯል» የሚለው ማኅተም መኖሩን። ሦስቱ ከተሟሉ አረንጓዴውን እጫናለሁ። ሁለተኛው በር ይከፈታል፣ አደራ ሰጪው ይገባል። ከሁለተኛው በር ወዲያ ያለው የሌላ ክፍል ሥራ ነው።

የምሠራው ደሴ መረከቢያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በገመድ የሚሄደው መኪና የሚቆምበት የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ እደርሳለሁ። አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ ለስላሳ ናቸው። ግድግዳው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው የቆሙበት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን» ይላል።

አዋጁ ጥሩ አዋጅ ነው። ይህን የምለው እንጀራዬ ስለሆነ አይደለም። ከአዋጁ በፊት የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት አስከሬን ከየት እንደሚመጣ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም ይባላል። መንገድ ላይ ወድቆ ጠያቂ ያጣ ሰው ስሙ እንኳን ሳይጻፍ ጠረጴዛው ላይ ይወጣ ነበር። አዋጁ ይህን አስቀረ። ሰው በሕይወቱ ሳለ ፈርሞ ካልፈቀደ አካሉ አይነካም። የፈረመው «አደራ ሰጪ» ይባላል። አደራ ደግሞ መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ስለ አጠባበቁ ደንብ ወጣ። ከደንቡ በኋላ መመሪያ ወጣ። ከመመሪያው በኋላ አምባሩ መጣ።

እኔም አምባር አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን ከዶርም ቁልፉ ጋር የተሰጠን ቅጽ ነበር፤ አራተኛው ገጽ ላይ ፈረምኩ። ከእኔ ጋር የተሰለፉት ሁሉ ፈርመዋል። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አምባሩ አይከብድም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሚዛን ላይ እንድወጣ ያስታውሰኛል። ጨው ሲበዛብኝ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ያላዘዘልኝን ክኒን ከዋጥኩ ለጣቢያው ይናገራል። ከተመዘገብኩበት ጣቢያ ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ መራቅ አልችልም፤ ወንድሜ አቤኔዘር ሀዋሳ ሲያገባ ሠርጉን በስልክ ነው ያየሁት።

ሰው የሚሞትበትን ቀን የሚያውቀውም አምባሩ ነው። ልብ ያዳምጣል፣ ደም ያነባል፣ የመረከቢያ ቀን ቆርጦ ለባለሥልጣኑ ይልካል። ቀድሞ ሰው ከሞተ በኋላ ነበር የሚመጣው። እየዘገየ፣ ለትምህርት የማይሆን እየሆነ ሲያስቸግር ጊዜ «ቅድመ መረከብ» የሚል አንቀጽ ተጨመረ። ቀኑ የቀረበ ሰው በእግሩ ይመጣል፣ ውስጥ በክብር ይጠበቃል። ትንበያው ተሳስቶ አያውቅም። ገብቶ የወጣ ሰው የለምና።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከማሽን መስማት የለበትም ብለው ማስታወቂያው ለቤተሰብ እንዲላክ አደረጉ። ቤተሰብ በወጉ፣ እንደሚያውቅበት ይናገር አሉ። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ቢናገር ይታሰራል። አደራ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ፣ ማስታወቂያው ቤተሰቡ ዘንድ ከደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ መቃወም ይችላል። ዝም ካለ ተስማምቷል። የተቃውሞ ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ተሞልቶ አይቼው አላውቅም። በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «ተቃውሞ፦ ዜሮ» ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለዚሁ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎልናል።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋሽ ዮናታን ይባላሉ። ሱፍ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች።

«ልጄ፣ ለዓይኔ ነው አይደል የመጣሁት?» አሉኝ።

ልጃቸው ከኋላቸው ሆና አየችኝ።

«ይግቡ አባባ» አልኩ።

«መነጽሩን ዛሬውኑ ይሰጡኛል? ቅዳሜ የልጅ ልጄ ምርቃት ነው። ባለፈው ሠርግ ላይ እኮ ሙሽራዋ መስላኝ አስተናጋጇን ስመርቅ ዋልኩ። ‹ማኅፀንሽ ይለምልም› እያልኩ!» ሳቁ። ልጃቸውም ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅጹን አየሁ። ስም፣ ቁጥር፣ ማኅተም። ሰባቱ ቀን ሰኞ አልፏል። ሽማግሌ ሰው ይረሳል ብዬ አሰብኩ። ነግረዋቸው ረስተውት ነው። አረንጓዴውን ተጫንኩ።

«ስምሽ ማነው?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«ውዳሴ።»

«ስወጣ ደህና አድርጌ አይሻለሁ፣ ውዳሴ። አሁን ጥላሽ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ አቤኔዘር ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ከሀዋሳ ድረስ የመጣው ሳይደውል ነው። ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ። ወጥ ቤት ውስጥ እማዬ አለች። ከጎኗ ጎረቤታችን እትዬ ሐያት ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። እኚህ ሴትዮ የእኛ ግራቪልያ ዛፍ ጣሪያቸው ላይ ከወደቀ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስተውን ነበር።

«ውዱዬ፣ መጣሽ? ነይ እስቲ፣ ነይ የኔ ወለላ» ብለው ሽንኩርት በሸተተ እጃቸው ጉንጬን ያዙኝ።

ድንች በሥጋ ቀረበልኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነው። ጨው በዝቶበታል። ጎርሼ አምባሬ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅሁ። አልተንቀጠቀጠም። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ማክሰኞ ሆኖ ሚዛን ላይ ውጪም አላለኝም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዝም ብሏል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ግን ፍርሃቱ ጀመረኝ። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔም እትዬ ሐያት ቤታቸው ወስደው አሳድረውኝ፣ ብስኩት በሻይ አብልተውኝ፣ «አባትሽ ለሥራ ማንም ወሎዬ የማያውቀው አገር ሄዷል» ብለው ቀልደውብኛል። አቤኔዘር የሚወደውን ኳስ ሰጥቶኛል። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። በአራተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱኝ። ሰው ደረቅ መርዶ አይነገረውም፤ በሰው ተከቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ነው። ክፉ አይደሉም። ይህን ሁልጊዜ አምናለሁ።

«አቢ፣ ማን ነው የሞተው?» አልኩት ሴቶቹ ወጥ ቤት ሳሉ።

«ማንም አልሞተም።»

«እሺ ማን ነው የታመመው?»

«ኧረ ማንም! እናቱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ላይ ምርመራ አለ እንዴ?»

«አንተ እኮ የምትመጣው የቆሸሸ ልብስህን ሻንጣ ሙሉ ይዘህ ነው። ባዶ እጅህን መጥተህ አታውቅም።»

ሳቀ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቧንቧው ውኃ ረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ክፍሌ ገብቼ ስልክ መደወል ጀመርኩ። አክስቴ ቤዛዊት አነሣች። የኮምቦልቻው አጎቴ አነሣ። ሦስቱም የአጎቴ ልጆች አነሡ። የሞተ አልነበረም። ሁሉም በሕይወት አለ። ሁሉም ድምፄን ሲሰማ ከልክ በላይ በደስታ «ውዳሴ!» አለ። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ ወደ ሥራ ስወጣ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሚኪያስ በር ላይ አስቆሙኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያቸውን ለኔ አውልቀው አያውቁም።

«ዓርብ ጠዋት ቤት ነሽ?»

«ሥራ እገባለሁ፣ ጋሼ።»

«ገና ሳይነጋ ብቅ እንላለን። ከእናትሽ ጋር የእድር ነገር አለብን። አንቺም ብትኖሪ ጥሩ ነው።»

«የእድር ነገር ሳይነጋ ነው እንዴ የሚወራው?»

ጫማቸውን አዩ። «እግዜር ያጽናሽ… ማለቴ፣ ያሳድግሽ» አሉና መንገዱን ተሻገሩ።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የማድገው ነገር የለኝም።

ሐሙስ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት ነገር የዓርብን የመረከቢያ ዝርዝር መክፈት ነው። ሐሙስ ሐሙስ የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ ማንም ልብ አላለኝም። ዝርዝሩ አልተከፈተም። በቀይ የተጻፈ አንድ መስመር መጣ፦ «ተቆጣጣሪዋ ዝምድና ያላት ስለሆነ አይከፈትም።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ተቆጣጣሪ የራሱን ቤተሰብ ፋይል አያይም። ስለዚህ ነገ ከሚገቡት አንዱ የእኛ ቤት ሰው ነው። እማዬ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ እማዬ አምባር እንደሌላት አስታወስኩ። «እኔ ለማንም አልፈርምም፣ አፈር ነው የምፈልገው» ብላ የቀበሌውን ሰው ከበር መልሳለች። አቤኔዘርም የለውም፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ማንም አራተኛ ገጽ አላቀረበለትም።

በቤታችን አምባር ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አየሁት።

ከፊት ለፊቴ ሙባረክ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ምሳ ቋጥሮ ሲመጣ ግማሹን ለኔ ያካፍለኛል።

«ሙቤ፣ ዓርብን ክፈትልኝ።»

«አልችልም፣ ውዳሴ።» አንገቱን አላቀናም።

«እሺ አትክፈት። ስሙን ብቻ አይተህ ራስህን ነቅንቅ።»

«ልጆች አሉኝ።» ምሳ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ቤት… ቤት ምንም አላሉሽም?»

«ምን ይበሉኝ?»

ተነሥቶ ወጣ። ምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከፈትኩት፤ ሙሉውን ለኔ ነበር ያመጣው። እንደ ወትሮው ሁለት ማንኪያ አልነበረውም።

ያኔ ነው ጋሽ ዮናታን ትዝ ያሉኝ። ከእሳቸው በፊት ደግሞ ሌሎቹ። «ለደም ግፊት ነው» ያለችኝ ሴት። «ለሥራ ምርመራ ነው አሉኝ» ያለው ወጣት፣ ሲቪውን በፕላስቲክ ይዞ የመጣው። ሁሉም ማኅተም ነበራቸው። ማኅተሙ ለቤተሰብ ተነግሯል ይላል፤ ለባለ ጉዳዩ ተነግሯል አይልም። ስድስት ዓመት ያነበብኩት የተጻፈውን አልነበረም።

ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። አምባሩ ዝም ያለው ቀኔን ቆርጦ ስለጨረሰ ከሆነ፣ መቼ ነው የቆረጠው? ያለፈው ሐሙስ ማታ ጨው አላስታወሰኝም። በዚያው ቀን ከሰዓት ቤት ስገባ እማዬ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ መጋረጃው ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። «ምነው?» ስላት «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አለችኝ። ዓይኗን ገልጣ። ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ።

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ተኩል ሊሆን ነው።

የተቃውሞ ቅጹን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ ቁጥሬን ጻፍኩ፣ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቆምኩ። «የነገረዎት የቤተሰብ አባል ቃል።» ማስታወቂያው የደረሰው ሰው ራሱ፣ በራሱ ድምፅ፣ ለባለ ጉዳዩ ፊት ለፊት ሲናገር መቀዳት አለበት፤ ሁለቱም አሻራቸውን ያኖራሉ። ሰው በወሬ ሰምቶ እንዳይደናገጥ የገባ ጥበቃ ነው። ሳይነገርህ መቃወም አትችልም።

ፈቃድ አልጠየቅሁም። በገመድ መኪናው ውስጥ ቆሜ ወረድኩ። ከሥሬ የቤቶቹ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ልቤን አዳመጥኩት። ደህና ይመታል፤ ትንሽ ይፈጥናል። ደረጃ ስወጣ አይደክመኝም። አምባሩ የሰማው ምንድን ነው? ወይስ ምንም አልሰማም? ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም። ፌርማታው ሳንደርስ፣ አየር ላይ ገመዱ ቆመ። የመብራት ችግር ነው አሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆመን ዋልን። አንዲት ሴት ሕፃን እያባበለች ነበር። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ አልጮህኩም።

ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። እማዬ፣ አቤኔዘርና እትዬ ሐያት ሳሎን ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬው ተቋረጠ።

«በጊዜ መጣሽ» አለች እማዬ ብድግ ብላ። «ቁጭ በይ፣ ምሳ ላቅርብልሽ።»

«እማዬ፣ የመጣልሽ መልእክት አለ። ያለፈው ሐሙስ።»

«ምን መልእክት?»

«ንገሪኝ።»

ወጥ ቤት ገባች። ሳህን ይዛ ተመለሰች። ድንች በሥጋ ነው። ፊቴ አስቀመጠችው። «ብዪ።»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ መቅጃውን ከፈትኩት። «እማዬ፣ ስሚኝ። አንቺ በአፍሽ ካልነገርሽኝ መቃወም አልችልም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ተስማምታለች ይሉኛል።»

«ማንም ምንም አልሆነም» አለች። ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ጋሽ ሚኪያስ ይመጣሉ፣ ሰዎች ይኖራሉ። ነገ እናወራለን።»

«ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል!»

አቤኔዘር ተነሣ። «መልእክቱ ላይ ሰባት ቀን ይላል። እኛ… እስክንዘጋጅ የሰጡን መስሎን ነው። ጋሽ ሚኪያስ አንብበው እንደዚያ አሉ። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ይነገራት፣ ሳምንቱን በሰላም ትብላ፣ ትተኛ አሉ።»

«ትቃወም የሚለውን አላነበባችሁም?»

«አነበብን» አለች እማዬ። «ሞት ይግባኝ አለው እንዴ ልጄ?»

«ሞት የለውም። ይሄ ግን አለው።»

ነጠላዋን አስተካከለች። አሥር ተኩል አለፈ። ስልኬ ዝምታውን ይቀዳል። እናቴ አባቴን ቀብራ ለሦስት ቀን ለኔ ፈገግ ያለች ሴት ናት። ከምታውቀው ፍቅር ትልቁ ይህ ነው፤ ክፉ ነገር በአፏ ለልጇ አለመናገር። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አልወጣላትም።

«ኧረ ንገሪያት!» እትዬ ሐያት ጮኹ። «ያኔስ የአባቷን መርዶ ደብቄ ብስኩት ያበላኋት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ብስኩት አትቀምስም! አላህን ፍሪ፣ ንገሪያት!»

«ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሲመሽ፣ እንዲህ በጥድፊያ…» እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ወጉ አይደለም።»

ከወንበሬ ወርጄ ጉልበቷን ያዝኩ። ሰው ፊት ያለቀስኩት ያኔ ነው። «እማዬ፣ እኔም ለሌላው አልተናገርኩም። ሽማግሌው ሲጠይቁኝ ይግቡ ነው ያልኳቸው። አንቺ እንደኔ አትሁኚ።»

ነጠላውን ከአፏ አነሣች። እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ፣ እንደምትመርቅ ሰው፣ ቃል በቃል አወጣችው።

«ልጄ… ውዳሴ። ቀንሽ ዓርብ ነው ብለውሻል። ልብሽ… ልብሽ አይቆይም ብለውሻል። አልነገርኩሽም። ይኸው ነገርኩሽ።»

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር። የጣቷን አሻራ አስነካሁ፣ የራሴን አስነካሁ፣ ላክሁት። ለአንድ አፍታ ሁላችንም ተቃቀፍን። አቤኔዘር «አለቀ፣ አለቀ» ይል ነበር። እትዬ ሐያት «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ስድስት ዓመት ያላየሁት የተሞላ ቅጽ የእኔ ሆነ። በዚህ ዓመት ሪፖርት ላይ ዜሮ አይጻፍም ብዬ አሰብኩ፤ ለምን ይህን እንዳሰብኩ አላውቅም።

መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ተቃውሞዎ በጊዜው ደርሶናል። እናመሰግናለን። ውሳኔው ለቤተሰብ ይነገራል።»

የእማዬ ስልክ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር። ሁላችንም ወደዚያ አየን። የቤቱ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ወይም ልቤ ነው።

ስልኩ ነዘረ።

እማዬ ሄዳ አነሣችው። መነጽር ስላላደረገች እጇን ዘርግታ ከሩቅ አነበበች። ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ፊቷን አየሁት። የጋሽ ዮናታን ልጅ እኔን ያየችበትን ፊት ፈለግሁበት። ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ምንም።»

«እማዬ።»

አቤኔዘር አየት አደረጋት፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቧንቧው ውኃ መፍሰስ ጀመረ።

እማዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ እኔ ሳበችው፣ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች። እጇ አይንቀጠቀጥም።

«ብዪ እንጂ የኔ እናት» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ቀዘቀዘብሽ።»